ወደ ሰው አይተላለፍም

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ጋሽ ሾዴ የደወሉልኝ ሊያመሰግኑኝ ነበር። መርፌው ሠርቷል፣ ውሻው እግሩን ማኘክ ትቷል፣ እግዚአብሔር ይባርክዎ አሉኝ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ነው፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ድምፁ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ሰልሏል ያሉት። ውኃ ሲቀርብለትም አፉን ይነክርና መዋጥ አቅቶት ይተወዋል። የሐምሌ ብርድ መትቶት ይሆን ወይ ብለው ጠየቁኝ።

እኔ የእንስሳት የቆዳ ሐኪም ነኝ። ጉለሌ ባለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሆስፒታል አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩት የውሻና የፈረስ ፀጉር ስገልጥ ነው። ድምፁ የሰለለ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ምን እንደያዘው ለማወቅ ግን ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪም አያጣውም። የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም፣ ገዳይ ነው። ከዚያ በፊት ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ደግሞ ሰው ይተርፋል።

ውሻው ያለበትን በር ዝጉ፣ ማንም እንዳይነካው፣ አሁኑኑ እመጣለሁ አልኳቸው። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ከሁለት ቀን በፊት ይኸው ውሻ የቆዳ አለርጂ እንጂ ሌላ ምንም የለበትም ብዬ፣ ፈርሜና ማህተም አስመትቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

የሰኞውን ልናገር። በሆስፒታላችን ማንኛውም እንስሳ መጀመሪያ ጠቅላላ ምርመራ ክፍል ይገባል። እዚያ ዕድሜው፣ ክትባቱ፣ ማን ነከሰው፣ ማንን ነከሰ ተብሎ ይጠየቃል። የእኔ በሽተኞች ግን በዚያ አያልፉም። ይህን ልማድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የዛሬ አራት ዓመት፣ የሚያሳክከውን ሁሉ በቀጥታ ወደ እኔ ላኩ፣ እናንተ ጋ ግማሽ ቀን ወሬ ሲጠየቅ ይውላል ብዬ፣ ከግማሹ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተኮራርፌ ነው ያስወሰንኩት። የራሴን መጠይቅም አዘጋጀሁ። ምን ይበላል፣ ምን ላይ ይተኛል፣ ቁንጫ አለበት ወይ፣ በስንት ቀኑ ይታጠባል፤ በድምሩ አሥራ ስምንት ጥያቄ ነው። ማን ነከሰው የሚል የለበትም።

ጋሽ ሾዴ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ከጨንቻ የመጡት በልጅነታቸው ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ቀጭንና ትሑት ሰው ናቸው። ውሻውን ያመጡት ራሳቸው በገመዱት ቀይና ቢጫ ክር አስረው ነበር። ስሙ ምናገባህ ይባላል። ለማን የተላከ መልእክት ነው ብላቸው፣ ሳቅ ብለው፣ ግቢያችን ውስጥ አራት አባወራ ነን፣ ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል አሉኝ። የግራ ፊት እግሩን ከመዳፉ ከፍ ብሎ ቀይ ሥጋው እስኪታይ አኝኮታል። ከጀመረው ሁለት ቀኑ ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ እግሩ እኮ ግንቦት ላይ...» ብለው ጀመሩ።

«እኔ የምጠይቅዎትን ብቻ ይመልሱልኝ» አልኳቸው። ውጪ ሰባት ሰው ተሰልፏል፣ ምሳ አልበላሁም፣ እንዲህ ያለ ሰበብ ሞልቶኛል። እሳቸውም ዝም አሉ። ቁስሉ አጠገብ ትንሽ ጠባሳ ነበረች። አይቻታለሁ። አይቼም፣ የድሮ ማከክ ነው ብዬ አለፍኳት።

እንስሳ ሲይዙ ሃያ ዓመት የሞላቸው ጋሽ አማን ውሻውን አቅፈው ይዘው ነበር። «የዚህ ውሻ ዓይን አላማረኝም» አሉኝ። እርስዎ እግሩን ብቻ ይያዙልኝ፣ የዓይን ነገር ሌላ ክፍል ነው አልኳቸው። ይህንን ስል ቀልድ አዋቂ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ድዱን ማየት ፈለግሁ። ለእኛ አፉን አልከፍትም ሲለን፣ ጋሽ ሾዴን ይክፈቱልኝ አልኳቸው። እሳቸውም የጌታ ስም ጠርተው፣ ክር የሰነጣጠቀውን አውራ ጣታቸውን እስከ ጥጉ አስገብተው ከፈቱልኝ። ለሃጩ እስከ አንጓቸው ወረደ። በሱሪያቸው ጠረጉት።

ማሳከኩን የሚያስታግስ መርፌ ወጋሁት፣ በቀን ሁለቴ የሚቀባ ቅባት አዘዝኩ። ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ሾዴ አንድ ነገር ለመኑኝ። ጎረቤቶቻቸው ቁስሉን አይተው፣ ይህ ውሻ ልጆቻችንን ያስይዝብናል፣ ይገደል እያሉ ነው። አንድ ወረቀት፣ ማህተም ያለበት፣ ቢያገኙ ሁሉም አርፎ ይቀመጣል። እኔም ከልቤ አዘንኩላቸው። «የቆዳ አለርጂ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማህተሙን ራሴ አስመታሁ። ከሰኞ ሥራዬ ሁሉ የተደሰትኩበት ያ ነበር ማለት ይቻላል።

ረቡዕ እንግዲህ፣ ስልኩን እንደዘጋሁ ጋሽ አማንን ጠራሁና መኪናውንና የብረት ሳጥኑን ያዘጋጁ አልኳቸው። ለምን አላሉኝም። ፊቴን አይተው ወፍራሙን ጓንት ይዘው መጡ። እኔ ደግሞ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ለዶክተር ኃይለ መለኮት ደወልኩ። አብረን ነው የተማርነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ነገርኩት።

«ሰርኬ፣ ስሚኝ» አለኝ። «ሰዎቹን አስከትቢ፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን ሰኞ አመለጠኝ አትበይ። ሰኞ ገና አልያዘውም ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው በያቸው። የሆስፒታሉ ማህተም ውሸት ነው ከተባለ ነገ ማን ውሻውን ያመጣልናል?»

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ስሰማ አንጀቴ ራሰ። ከሥራ ስለመባረር አላሰብኩም። ያሰብኩት የጋሽ ሾዴን ፊት ነበር፣ ያን ወረቀት ሲቀበሉኝ በሁለት እጃቸው ጎንበስ ያሉትን። እሺ አልኩት።

ከሽሮ ሜዳ የልብስ ሱቆች ጀርባ ያለው መንገድ በዝናቡ ጭቃ ሆኗል። መኪናውን አቁመን በእግራችን ገባን። የግቢው የቆርቆሮ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወረቀቴ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በሚስማር ተመትቷል። ክቡ ሰማያዊ ማህተም ከሩቅ ይታያል። ጋሽ አማን አነበቡት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

በሩን የከፈተችልን የጋሽ ሾዴ ልጅ ሲና ናት። ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ስምንተኛ ወሯ ነው። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል። ገና ሰላም ሳልላት ጣቷን ጠየቅኳት። ትናንት ማታ ቅባቱን ስትቀባው ጥርሱ ነካ አድርጓት ነው። ነከሰኝ አይባልም አለችኝ፣ እንደ ማፈር ብላ፣ ውሻውን እንዳላሳጣው ብላ። ሆዷን አየሁ፣ ጣቷን አየሁ። ወዲያው ቧንቧው ጋ ወስጄ በሳሙና አሳጠብኳት። ሰዓቴን ይዤ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ፣ ውኃው እየቀዘቀዛት።

ውሻው ጋሽ ሾዴ የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ ነው፣ ሸማኔ እግሩን በሚያወርድበት ጉድጓድ ጨለማ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ከላዩ ያላለቀ ነጠላ ተወጥሯል፣ ጥለቱ ገና አንድ ክንድ አልደረሰም። የታችኛው መንጋጋው ወድቋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ጋሽ ሾዴ ሲያዩት አላስቻላቸውም። እኔ ልጥራው፣ ለእኔ ይወጣል ብለው ወደ በሩ ሲራመዱ ጋሽ አማን ደረታቸውን በክንዳቸው አገዱ። ጫፉ ላይ የገመድ ወጥመድ ያለበትን የውሻ መያዣ ዘንጋቸውን በድሩ ሥር አሾልከው፣ ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ውሻው ዘንጉን ነክሶ ለቀቀው፣ ደግሞ ነከሰው። ከዚያ ወጥመዱ አንገቱ ላይ ገባ። ያወጣው ድምፅ የውሻ ድምፅ አልነበረም። ጋሽ ሾዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋሽ አማን እየጎተቱ አውጥተው ብረት ሳጥኑ ውስጥ ቆለፉበት። ከድሩ ሦስት አራት ክር ተበጥሷል።

ጭንቁ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

በሽታው የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑን፣ ሲና ዛሬውኑ ክትባት መጀመር እንዳለባት ነገርኳቸው። ሲና ራሷን ነቀነቀች። ጨንቻ ያለች አክስቷ ውሻ ነክሷት ሆዷ ላይ በየቀኑ ሲወጓት አይታለች፣ ልጅ ሆና። አሁን እንደዚያ አይደለም፣ ክንድ ላይ ነው፣ ለእርጉዝም አይከለከልም አልኳት። አልሰማችኝም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ግቢው በር ተመለከተች።

«ወደ ሰው አይተላለፍም ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ። «ማንን ልመን? ሰኞ የጻፉትን ነው ወይስ ዛሬ የሚናገሩትን?»

ዶክተር ኃይለ መለኮት የሰጠኝ መልስ አፌ ላይ ነበር። ወረቀቱም ትክክል ነው፣ አሁን የምልሽም ትክክል ነው አልኳት። ሰኞ ያየሁት አለርጂ ነበር። ይህኛው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ነው የተናገርኩት፤ ሐኪም መሆን ለዚህ ይጠቅማል። ሲና ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ ረገብ አለ። እንደዚያ ከሆነስ እሺ፣ ልብሴን ልለብስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ተነፈስኩ። እንዴት ቀላል ነው አልኩ በልቤ።

ጋሽ ሾዴ ይህን ጊዜ ከእንጨቱ መቀመጫቸው ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ ሊያወርዱ ሲሉ ጮክ ብዬ ከለከልኳቸው። እሺ ብለው በዳር ተቀመጡና የተበጠሱትን ክሮች መቀጠል ጀመሩ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይችሉ ሰው ናቸው። የክሩን ጫፍ በከንፈራቸው እያረጠቡ፣ በዚያ በተሰነጣጠቀ አውራ ጣታቸው እያሹ ይቋጥራሉ።

«እኔስ ጌታ ጠበቀኝ» አሉ። «ሰኞ ከእርስዎ ዘንድ እንደወጣሁ ውሻውን ለሲና ሰጥቼ ቡራዩ ለቅሶ ሄድኩ። የመጣሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በእጄ አልነካሁትም።»

ያኔ ገባኝ። ሰኞ ውሻው ጤነኛ ከነበረ፣ ሰኞ እስከ አንጓቸው የወረደው ለሃጭም ጤነኛ ነበር ማለት ነው። በአፌ ያወጣሁት ውሸት ልጅቱን ወደ ክትባት፣ አባቷን ወደ መቃብር ይልካል። በሌላ በኩል ለማምለጥ ሞከርኩ፣ አልደብቅም። ለጥንቃቄ ያህል እርስዎም ቢከተቡ ጥሩ ነው አልኳቸው፣ ነገሩን አቅልዬ። ጋሽ ሾዴ ሳቅ አሉ። ክትባቱ እንደልብ አይገኝም ይባላል፣ የሚያስፈልገው ሰው ይውሰደው፣ እኔ ያልነካሁትን ምን ብዬ እወጋለሁ አሉ። ቢሄዱም አያዋጣም። ጤና ጣቢያው መቼ ነካህ ይላቸዋል፤ ሰኞ ይላሉ፤ ሐኪሟ ሰኞ ጤነኛ ነበር ብላለች ሲሉ፣ በል አባባ ወደ ቤትህ ይሏቸዋል።

ሲና ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ጋሽ አማን በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እውነቱን ብናገር ሲና ተመልሳ እምቢ ልትል ትችላለች፤ ባልናገር ጋሽ ሾዴ በዚሁ ክራቸው ላይ ተቀምጠው፣ በወሩም ይሁን በሦስት ወሩ፣ ውኃ መዋጥ ያቅታቸዋል። ፈራሁ። ልጅ ሆኜ ከሠራሁት ጥፋት ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ጋሽ ሾዴ፣ ክሩን ያስቀምጡት» አልኩ። «ውሻው ሰኞም ታሞ ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት። አሁን ለሲና የነገርኳት ውሸት ነው። ሰኞ እጅዎን አፉ ውስጥ ያስገቡት በእኔ ትእዛዝ ነው፣ ጣትዎም ተሰነጣጥቋል። መከተብ አለብዎት። ሁለታችሁም።»

ጋሽ ሾዴ ክሩን ቀስ ብለው ድሩ ላይ አኖሩት፣ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፣ ከዚያ እጃቸውን አይተው ወደ ጎን ዘረጉት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ሰኞ ያውቁ ነበር?» አለችኝ ሲና።

አላውቅም ነበር አልኳት። ግን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። አባትሽ ሊነግሩኝ ሲሉም አስቆምኳቸው።

ጋሽ ሾዴ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ፣ ግንቦት ላይ እንጦጦ እንጨት ሊገዙ የወጡ ጊዜ ባለቤት የሌለው ውሻ ምናገባህን እዚያው እግሩ ላይ እንደነከሰው ነገሯት። ቁስሉ በሳምንቱ ስለዳነ ለማንም አላወሩም። ለሐኪም ቢነግሩ ይበቃል ብለው ነበር። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

ሲና የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ተነስ። እጅህን ታጠብና እንሂድ» አለች። ቧንቧውን ራሷ ከፈተችላቸው። ሰዓት ስይዝ፣ ሳሙናውን ከእጄ ተቀበለችኝ፣ እኔን ግን አላየችኝም።

እነሱ ሲታጠቡ ወረቀቴን ከበሩ ላይ ነቀልኩት። ከዚያ የቀሩትን ሦስት በሮች አንኳኳሁ። በየደጃፉ ቆሜ፣ እዚያ ላይ የተጻፈው ስህተት ነው፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ውሻውን የነካችሁ አላችሁ ወይ አልኩ። አንዷ ሴትዮ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ፣ ማህተሙ እውነተኛ መሆኑን ለማየት በጣቷ ፈተገችው። አልለቀቀም። ልጆቿን አንድ በአንድ ጠርታ ጠየቀች። ከእነሱ ወገን የነካው አልተገኘም፤ ከመጀመሪያውም ወረቀቱን አላመኑት ኖሯል። ስለ አለማመናቸው ደስ አለኝ።

ጋሽ አማን ውሻውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ተመለሱ። እኛ ሦስታችን ታክሲ ይዘን ክትባቱ ወዳለበት ጤና ጣቢያ ሄድን። መንገድ ላይ ዶክተር ኃይለ መለኮት ሁለቴ ደወለ፣ አላነሳሁም። ሲና መስኮት ዳር ተቀምጣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንዱን የአባቷ ጉልበት ላይ አድርጋ ነበር።

ነርሷ ወጣት ናት፣ ጥያቄዋን ግን አንድም አልዘለለችም። ሲና ትናንት ማታ አለች። ጋሽ ሾዴ ሰኞ አሉ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አቁማ፣ ሰኞ ዕለት ውሻው ጤነኛ ነበር ወይስ ታሞ ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ሾዴ ለእኔ አዝነው ነው መሰለኝ መሬት መሬት አዩ።

«ታሞ ነበር» አልኳት። «ያን ቀን የመረመርኩት እኔ ነኝ፣ ስሜን ጻፊው። ዶክተር ሰርካለም።»

ጻፈችው። ጋሽ ሾዴ መጀመሪያ ተወጉ፣ ቀጥሎ ሲና። ክንዷ ላይ መሆኑን እስክታይ ዓይኗን አልጨፈነችም። እኔም ከዓመታት በፊት የተከተብኩ ብሆንም ለሃጩ ስለነካኝ ማጠናከሪያ ያስፈልገኛልና አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅሁ። ሲና እጅጌዋን እያወረደች መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ከግቢያቸው ከወጣን ጀምሮ ቃል አልተናገረችኝም ነበር። አባቷ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መጀመሪያ የነገሩኝን አምኜዎት ነበር» አለችኝ። «ዝም ቢሉ ኖሮ እኔ ተከትቤ፣ ልጄን ወልጄ፣ አባቴን እቀብር ነበር።»

ነርሷ ስሜን ጠራች፣ ተነስቼ ገባሁ።